ለውሻ ማዘን ለሰው ማዘንን ይቀንሳል ወይ?

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጥያቄ አንዳንዶቻችሁን ያስቃል፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ ያናድዳል ብዬ እገምታለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው ተቸግሮ እያየን ለእንስሳ ብናዝን ጥፋት ነው ወይ? ለውሻ ያዘንነው ለሰው ከሚገባው ላይ ተቀንሶ ነው ወይ?

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። እዚህ ቤይሩት የምሠራበት ቤት አንዲት ትንሽ ነጭ ውሻ አለች፤ ስሟ ሉሉ ይባላል። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወለደች። እሑድ ሻይ ላይ ስለ እሷ ሳወራ አንዲት እህታችን ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «አንቺ ለውሻ ታለቅሻለሽ? እኔ አባቴ ሲሞት ማን አለቀሰልኝ? መርዶዬን በሰማሁ ማግስት እንግዳ አለ ተብዬ ቆሜ ቡና ሳዞር ዋልኩ እኮ!» አለችኝ። ሁላችንም ዝም አልን። ንግግሯ እውነት ስለሆነ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ስሠራም ስተኛም ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ የደረስኩበትን ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ያህል ነው። የእንስሳት ሐኪሙ 63 ቀን ገደማ ብሎን ነበር። መጨረሻው ሳምንት ላይ ማዳም ጠዋትና ማታ ሙቀቷን እንድለካ አዘዘችኝ። የውሻ ሙቀት በደህናው ጊዜ 38 ከምናምን ነው፤ ከ37 በታች ሲወርድ ምጡ በአንድ ቀን ውስጥ ይመጣል ማለት ነው። ወረደ። ሉሉ ምግብ እምቢ አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ያነጠፍኩላትን ጋዜጣ በጥፍሯ ቦጫጨቀችው። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይባል የለ? እዚያ ቤት ግን አስተማሪም አልነበረ። እኔም ወልጄ አላውቅ፣ እሷም ወልዳ አታውቅ፤ ሁለታችን ተያይተን ቁጭ አልን።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መጣ። ቡችላ ሲወለድ በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው፤ ከረጢቱ ቶሎ ካልተቀደደ መተንፈስ አይችልም። ሉሉ ዘወር ብላ አየችውና ደንግጣ ሸሸች። ከእሷ የወጣ መሆኑን ያወቀች አትመስልም። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር ማዳም ከረጢቱን ቀደደችለት፣ እኔ በፎጣ አሸት አሸት አደረግኩት፤ ሲጥ አለ። ያን ጊዜ ሉሉ ጆሮዋ ቆመ። ቀስ ብላ ተጠጋችና ትልሰው ጀመር። ከዚያ በኋላ ማንም አላስፈለጋትም፤ የቀሩትን ሦስቱን ከረጢታቸውን ራሷ ቀዳ፣ እትብታቸውን ቆርጣ፣ ልሳ አደረቀቻቸው። ሲነጋ አራቱም ተደርድረው እንገሩን ይጠባሉ። ማዳም በሌሊት ልብሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሷ ጋር እኩል የተቀመጥኩት ያን ሌሊት ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። አዲስ የተወለደ ቡችላ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ እናቱ ካልላሰችው ሽንቱን እንኳ መሽናት አይችልም። ስለዚህ በየጠዋቱ በኩሽና ሚዛን እመዝናቸው ነበር። ሦስቱ ሲጨምሩ አንዷ፣ የመጨረሻዋ ሴቷ፣ ቀነሰች። ጡቱ ላይ ባስቀምጣት ትወድቃለች። ሐኪሙ በሌሊት ተጠርቶ መጣ፣ የሚሞከረው ተሞከረ፤ በአራተኛው ሌሊት እጄ ላይ ቀዘቀዘች። ቡችሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲህ መሞታቸው ያለ ነገር ነው፤ የማንም ጥፋት ሳይኖርበት ይሆናል። ሉሉ ካርቶኑን እየዞረች አሸተተች፣ በረንዳው ድረስ ሄዳ ፈለገች፤ ከዚያ ሦስቱ ሲንጫጩባት ተመልሳ ተኛችላቸው።

በ12ኛው ቀን ዓይናቸው ተገለጠ። በሦስተኛው ሳምንት ሶፋ ሥር እየገቡ፣ የማዳምን ጫማ እየጎተቱ ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ሳቁ የሁሉም ነበር፤ ሽንታቸውን መወልወል ግን የእኔ። ቀን አሥር ጊዜ ወለል ስወለውል እውነቱን ለመናገር ተራግሜያለሁም። ከዚያ ስምንት ሳምንት ሞላና ለሦስት ቤት ተሰጡ። ሉሉ ለብዙ ቀን በር በተከፈተ ቁጥር እየሮጠች ትሄድ ነበር። እኔም እሷን ሳይ ቦሌ አየር ማረፊያ የቆመችው እናቴ ትዝ አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንምጣ። እህታችን የተናገረችው ቁጣ ተገቢ ቁጣ ነው። በዚያ ሳምንት ማዳም «እመጫት ናት፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል፣ ማንም እንግዳ እንዳይመጣ» ብላ ነበር። ለውሻዋ ሐኪም በሌሊት መጣ። ከእኛ መካከል አሟት ፓናዶል ብቻ እየዋጠች ሳምንት የሠራች ስንት አለች? ነገሩ የአንድ ቤት ብቻም አይደለም። በፈረንጆች 1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። በ2017 ደግሞ ስለ እንስሳት ጥበቃና ደኅንነት ሕግ ቁጥር 47 ወጣ። ይህን ስሰማ እኔም አንጀቴ አርሯል። ለእንስሳው ሕግ ሲወጣለት፣ እኛ በከፋላ በአንድ ሰው ስም ታስረን ቀረን ያሰኛል።

ነገር ግን ቁጣችን ወዴት እንደሚሄድ እንጠንቀቅ። ሉሉ የማንንም ዕረፍት አልወሰደችም። የእንስሳቱ ሕግ ባይወጣ ኖሮ አንቀጽ 7 አይሻርልንም ነበር። በ2020 ኢኮኖሚው ሲወድቅና ኮሮና ሲመጣ ስንቶቹ እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ተጥለው እንዳደሩ ዓለም አይቶታል። በዚያው ጊዜ ውሻና ድመቱን መንገድ ላይ የጣለም ብዙ ነበር። ታዲያ ከእኛና ከውሻው ማን የማን ጠላት ሆነ? ሁለታችንም የተጣልነው ችግር ሲመጣ ደካማውን በሚያስወጣ እጅ ነው።

ብዙዎቻችን ርኅራኄን እንደ ደመወዝ እናስበዋለን። ደመወዝ ለእናት ከተላከ ለወንድም ይጎድላል፤ ለወንድም ከተላከ ለራስ አይቀርም። ርኅራኄ ግን እንዲያ አይደለም። እናቴን ልጥቀስላችሁ። ድሆች ነን። ሰፈራችን ውስጥ ባለቤት የሌላት ውሻ ስትወልድ እናቴ የድስት እጣቢውን አትደፋውም፤ «የወለደችን አትለፊያት» ብላ በእኔ ትልክላት ነበር። ቡችሎቹ ሴት ከሆኑ ማንም አይወስዳቸውም፣ እየተለቀሙ ይጣላሉ፤ ያን ጊዜ ታዝናለች። ይህቺው እናቴ ጎረቤት ሲታመም የመጀመሪያዋ ደራሽ ናት። ለውሻዋ ስላዘነች ለሰው አልጎደለባትም። ልቧ አንድ ነው፤ በሩ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው አይዘጋም።

«እንዴ! ውሻ እየሳመች ሠራተኛ የምትመታ ማዳም የለችም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለች። ስለዚህ ውሻ መውደድ ብቻውን የደግነት ምስክር አይሆንም። ለእኔ ግን አንድ ሌላ ነገር ይመሰክራል። ቡችላ በግራም የምትመዝን ሴት ማረፍ፣ መብላት፣ መታከም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ግልገል ከእናቱ ያለ ጊዜው ሲለይ እንደሚጎዳ ታውቃለች፤ ማዳም የአክስቷ ልጅ ቡችላውን በአምስት ሳምንቱ ልውሰድ ሲላት «ሐራም፣ ገና ነው» ብላ መልሳዋለች። እንዲህ የምታውቅ ሰው ልጇን ጡት አስጥላ የመጣችውን ሠራተኛዋን አይታ «አላወቅኩም» ማለት አትችልም። ውሻዋ የምትነግረን ይህን ነው፤ በዚያ ቤት የጎደለው እውቀት አይደለም።

እኔ ይህን ካሰብኩ በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሉሉ በሩ ላይ ስታለቅስ ማዳም «ልጆቿ ናፍቀዋት ነው፣ ሚስኪን» አለች። እኔም በተሰባበረ አረብኛዬ «ማዳም፣ የእኔም እናት በር በር ታያለች፤ ሁለት ዓመቷ ነው» አልኳት። ዝም አለች። በዚያ ማታ ስልኬን ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬ እኔ ጋ ነው። በየሳምንቱ የማርፍበትን ቀን ስጠይቃት ግን እስከ ዛሬ «እናያለን» ነው መልሷ። አሁንም በወር ሁለት እሑድ ነው የምወጣው። ይህን የምነግራችሁ ሁሉም ቤት እንዲህ ይሆናል ለማለት አይደለም። መናገር የሚያስመታበት ቤት አለ፤ እዚያ ያለች እህት ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ እንደ ሉሉ ልንያዝ አንጠይቅ። ሉሉ የምትታዘንላት የማዳም ንብረት ስለሆነች ነው፤ ደስ ባላት ቀን ትታቀፋለች፣ ልጆቿ ግን ሳትጠየቅ ተሰጡ። ለእሷ የሚደረገው ቸርነት ነው። ለእኛ የሚገባን ሐቅ ነው። ደመወዛችን በወሩ፣ ፓስፖርታችን በእጃችን፣ ዕረፍታችን በሳምንቱ። በ2011 ጄኔቭ ላይ የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል። አገር ካላጸደቀው አያስገድድም፤ ቢሆንም ዕረፍት ስንጠይቅ ምጽዋት እየለመንን እንዳልሆነ ማወቁ ራሱ ያበረታል።

እና ለውሻ ላልቅስ ወይስ አላልቅስ? እኔ አለቅሳለሁ። በሰዎች ክፋት ተናድጄ ልቤን በውሻዋ ላይ ባደነድነው ማዳምን አልጎዳትም፤ የምጎዳው ራሴን ነው። ይህችን ልብ ኮንትራቴ ሲያልቅ ይዣት ነው አገሬ የምገባው። ለእናቴም፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለምወልደውም ልጅ የማዝነው በዚህችው ልብ ነው። ያቺ አባቷ የሞተባት እህታችንም ማንም እንዳላለቀሰላት እንዳትቆጥር፣ ያን እሑድ ያልደረስንላትን ለቅሶ አርባ ባይሆን እንኳ በሚቀጥለው ስብሰባ ተቀምጠን እናልቅስላት ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ እሷ ትቀመጥ።

በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ቸር ይግጠመን።