ጤነኛ ሰው ለታመመው ወንድሙ ዕዳ አለበትን?

ሰው ሳይታመም የሕክምናን ዋጋ አስቀድሞ እንዲከፍል በተጠየቀ ጊዜ ሁለት አሳብ በልቡ ይነሣል። አንደኛው፥ «ሳልታመም ዓመቱ ቢያልፍ ገንዘቤ በከንቱ ይቀራል» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ነገን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለሕመም መዘጋጀት ሕመምን መጥራት ነው» የሚል ነው። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸውና በትዕግሥት እንመርምራቸው።

አስቀድመን ነገሩን እንረዳ። በአገራችን ስለ ማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ሁሉ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአራት ክልሎች፥ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፥ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ሥርዐቱ ቀላል ነው። ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ከቤተ ሰቡ የታመመው ሲታከም ዋጋው ከመዋጮው ይከፈላል፤ መክፈል የማይችለውን ድኻ መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል።

ጥቅሙን ለማወቅ ወደ ሰሜን ሸዋ እንመልከት። በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ በደነባ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ስንዴ፥ ጤፍና ምስር ያመርታል። ገንዘብ በእጁ የሚገባው እህሉን ወቅቶ ሲሸጥ ነው፤ ሕመም ግን መኸርን አይጠብቅም። ጎተራው በተራቈተበት በነሐሴ ወር ሚስቱ ብትታመምና ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰዳት ቢባል፥ ወይ የሚያርስበትን በሬ ይሸጣል፥ ወይ በወለድ ይበደራል። እርስዋ ብትድን እንኳ ቤቱ ለከርሞ ይታመማል። ሌላው ይህን ፈርቶ፥ «ይሻላት ይሆናል» እያለ ቀን ሲቈጥር ደዌው ይጠናል። መዋጮው በመኸር ማግሥት ቢከፈል ግን የጥር ገንዘብ ለነሐሴ ሕመም ይደርሳል።

«ገንዘቤ በከንቱ ይቀራል» ለሚለው መልሱ በገዛ መንደሩ አለ። ዕድርተኛ በየወሩ ይከፍላል፤ ዳሩ ግን፥ «ከቤቴ ሰው ሳይሞት ዓመቱ አለፈ» ብሎ የሚያዝን ማን ነው? ገንዘቡ የጎረቤቱን ሙት በክብር እንዳስቀበረ ያውቃልና። ለሙት እንዲህ ከተባበርን፥ ሞት ሳይቀድመን ለሕያው መተባበር ስለ ምን ይከብደናል?

ለሁለተኛውም አሳብ ዮሴፍን እናስብ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ ምርት አምስተኛውን እጅ ማከማቸቱ ረኀብን መጥራት አልነበረም፤ እግዚአብሔር በሰጠው ማስተዋል መሥራት ነበር እንጂ።

ነገር ግን ይህ ኅብረት የሚጸናው ሁሉ ሲገባበት ነው። ጤነኛው ቀርቶ በሽተኛው ብቻ ቢመዘገብ፥ ወጪው ከመዋጮው ይበልጥና ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ደመወዝተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3 እጅ፥ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲከፍሉ የታቀደው ሥርዐት ከአዋጁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ሲቈይ፥ ገበሬው ከጥቂት ገቢው ማዋጣት ጀመረ። ይህ ደመወዝ የምንበላውን ሁሉ ሊያሳስበን ይገባል።

ገንዘቡን የሚቀበሉትም ዕዳ አለባቸው። መዋጮውን የከፈለ በሽተኛ፥ «መድኀኒት የለም፤ ከውጭ ግዛ» ቢባል ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ ለከርሞ እርሱም ጎረቤቱም አይመዘገቡም። ድኾችን የሚመርጡትም ለዝምድና ቢያደሉ ምስኪኑን ከመድኅን ያወጡታል። ስለዚህ ሕዝቡን ተመዝገብ ብሎ የሚሰብክ ሁሉ የመድኀኒቱ መደርደሪያ እንዲሞላ፥ ምርጫውም በእውነት እንዲሆን አብሮ ይትጋ።

ምጽዋት መልካም ነው፤ ነገር ግን በሰጪው ፈቃድ ላይ ያረፈ ስለ ሆነ፥ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይለምናል። በመዋጮ ግን የዛሬው ሰጪ የነገ ተቀባይ ነው፤ ማንም በማንም ፊት አያፍርም። እንግዲህ ጤነኛ ሰው ዕዳ አለበት፤ በሽተኛው ወንድሙ ሳይለምን ይታከም ዘንድ፥ ጤና ሳለ ድርሻውን ይክፈል።