እንቁላሉ በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ



«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ተረቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የሚያየው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ጫጩቱ በእግሩ የቆመበትን ቀን። በቅርፊቱ ውስጥ ስላለፉት 21 ቀኖች አንዳች አይናገርም። ለመሆኑ እነዚያ ቀኖች የመጠበቂያ ጊዜ ብቻ ናቸውን? ወይስ የራሳቸው ሕይወት አላቸው? ሥዕል የምንሥል፣ ግጥም የምንጽፍ፣ በገና የምንደረድር ወጣቶች ልንመልሰው የሚገባን ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። የጀመርነውን ሥራ የምንተወው ሁልጊዜ ስንፍና ይዞን አይደለም፤ ደስታችንን በሙሉ ሥራው በሚያልቅበት ቀን ላይ አኑረን፣ ያ ቀን ሲርቅብን ነው።

ጎሕ ሲቀድ ከየካ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መካከል ሯጮችን ያገኛል። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ሕዝብ ያየው ያንኑ ሁለት ሰዓት ከሩብ የማይሞላ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት የልምምድ ወራት ያጨበጨበ የለም። አንድ ሯጭ የሚደሰተው በውድድሩ ዕለት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በዓመት ሁለት ቀን ስቆ የቀረውን ሁሉ ሲያዝን የሚኖር ሰው በሆነ ነበር።

ሆኖም ሯጭ አሠልጣኝ አለው፤ ሽልማትም ይጠብቀዋል። ማንም ሳይጠብቀው የሚሠራውስ?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንመልከት። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ኋላም ካይሮ ሄደው ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሲያስተምራቸው በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ተስፋ ሲቋረጥ ሙዚቃውን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ መነኮሱ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው ኖሩ። ወደ ፒያኖው የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም፣ ፒያኖ ባለበት ጠባብ ክፍል ተቀመጡ። ስማቸው በሰፊው ዓለም የተሰማው ግን «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ እትም 21ኛ ቁጥሩን ለእርሳቸው ሥራ በሰጠ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከመጀመሪያው ሸክላ እስከዚያ 39 ዓመት አለ!

የድርሰቶቻቸው መድብል እ.ኤ.አ. በ2013 ሊታተም የቻለው እማሆይ በእጃቸው የጻፏቸውን የኖታ ወረቀቶች በከረጢት አድርገው ስላስቀመጧቸው ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ከረጢት ነው። የሥራቸው ደስታ በጭብጨባው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከረጢቱ ባዶ በሆነ ነበር። ቤቱ የሚሰማ ሰው በሌለበት ቀን እንኳ፣ አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር ሲስማማ የሚገኘው ደስታ ደመወዛቸውን በየዕለቱ ይከፍላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

«ዐሥር ዓመት ትተውት የለምን? ልማዱስ የት ሄደ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፒያኖውን ትተዋል፤ ነገር ግን የገዳም ኑሮ ራሱ በሰዓት የተከፈለ ነው። ሰዓት ጠብቆ መቆም ቢመችም ባይመችም የማይቀርበት ቦታ ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ጣቶቻቸው ቢያርፉም ሰዓት የመጠበቅ ልማዳቸው አላረፈም።

ይሁን እንጂ ልማድን በጅምላ ማመስገን አልወድም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነ ወዲህ፣ የከተማይቱን ማገዶ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ሯጩ በሚወጣበት ዳገት፣ በዚያው ማለዳ። ከእነርሱ የበለጠ በየቀኑ የማያቋርጥ ማን አለ? «በሥራሽ ተደሰቺ» ብሎ ለዚያች እናት መምከር ግን ድፍረት ነው፤ ሸክሙን አልመረጠችውምና። ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ በማኅበር ተሰባስበው ሸማ መሥራት ተምረዋል (በከተማችን ሽመና በአብዛኛው የወንዶች ሙያ ሆኖ ሳለ)። ሽመናም ድካም ነው፤ መወርወሪያው ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካላለ ጥለት አይወጣም። ልዩነቱ፣ ሸማኔዋ ጥለቱ ከእጇ ሥር ሲወጣ ታያለች፤ ቀለሙንም ራሷ ትመርጣለች። ስለዚህ ልማድ የሚጣፍጠው አንዳች የራስ ምርጫ ሲኖርበት ይመስለኛል። በቀን አንዲት ሰዓት መምረጥ የሚችል ተማሪ ይህ ዕድል ለስንቱ እንደተነፈገ ቢያስብ፣ «ስሜቱ ሲመጣ እጽፋለሁ» ማለት ያሳፍረው ነበር።

ስሜት እንደ እንግዳ ነው፤ የሚመጣበትን ቀን አይናገርም፤ ሲመጣ ግን ቤት ውስጥ ሰው ማግኘት ይፈልጋል። የእኛ ወጣት ደግሞ በዓል ሲቃረብ ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደብተሩ አቧራ ይጠጣል። ሌሊት ሙሉ ከመሥራት ይልቅ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። ደግሞም እስኪሰለች ድረስ አለመቀመጥ፤ ነገ የሚጀመርበትን አንድ ስንኝ በልብ ይዞ መነሣት ለማግሥቱ ናፍቆት ያተርፋል። ቀኑ የከፋ እንደሆነ መለኪያውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሠዓሊው ብሩሹን አጥቦ ቀለሙን ያሰናዳ፤ ገጣሚው የትናንቱን ገጽ አንብቦ አንድ ቃል ይሰርዝ። በገና ደርዳሪውም በፈተና ሰሞን መዝሙር መዝለቅ ባይችል፣ ዐሥሩን አውታር አንድ በአንድ ቃኝቶ፣ ድምፁን ጥቂት አድምጦ፣ በገናውን መልሶ ይስቀለው።