ከገብርኤል ወደ ጊዮርጊስ

ከዑራኤል ተነስቶ በሃያ ሁለት በኩል መገናኛ የሚወጣው ጎዳና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል። በዚያ መንገድ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የኃይሌን ታሪክ ያውቀዋል፤ ደብተሩን በግራ ብብቱ ሸጉጦ ትምህርት ቤት እየሮጠ የሚሄደው የአርሲ ልጅ፣ የ1988ቱ የአትላንታ ወርቅ፣ የ1993ቱ የሲድኒ ወርቅ። በታሪኩ ውስጥ የማይቀሩ አንድ ሰው አሉ፤ አባቱ። ሩጫን ጊዜ ማባከን አድርገው ያዩ፣ ልጃቸው ሌላ ሰው እንዲሆን የተመኙ ገበሬ። እኛ ታሪኩን ስናወራ አባትየውን የምናስገባቸው ልጁ የዘለለው አጥር አድርገን ነው። ‹‹አባቱ እኮ እምቢ ብለውት ነበር!›› እንልና እንስቃለን።

ለመሆኑ እኒህ አባት ምን አጠፉ? ልጁ ‹‹እሮጣለሁ›› ባለበት ጊዜ አትላንታ የለም። በዓይናቸው ፊት ያለው እርሻው፣ ከብቱና አንድ ቀጭን ልጅ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ሮጠው ሮጠው የትም ሳይደርሱ የቀሩ ልጆች አባቶችስ? እነሱም ‹‹ተው›› ብለው ከነበረ ልክ ነበሩ ማለት ነው? አንድ ዓይነት ቃል ከተናገሩ ሁለት አባቶች አንዱን አስተዋይ፣ ሌላውን እንቅፋት የሚያሰኘው ልጆቻቸው ከዓመታት በኋላ የገቡበት ሰዓት ከሆነ፣ ፍርዳችን የሰዓት ያዥ ፍርድ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ‹‹የሞራል ዕድል›› ባለው ጽሑፉ ይኼንኑ ጣጣ አንስቶት ነበር። እንደ ጎጋን ያለ አንድ ሠዓሊ ቤተሰቡን ጥሎ ለሥዕሉ ሲል ሩቅ አገር ቢሄድ፣ ውሳኔውን ሊያጸድቅለት የሚችለው ነገር ቢኖር ሥዕሉ መሳካቱ ብቻ ነው፤ መሳካቱን ደግሞ ሲሄድ ሊያውቅ አይችልም። ዊልያምስ የተጨነቀው ስለ ሠዓሊው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን የሌላ ሰው ነገር ነው፤ ሠዓሊውም ሯጩም ያልሆነው፣ መስመሩ ዳር የቆመው አባት።

የዛሬው የከተማ አባት ከኃይሌ አባት ተገላቢጦሽ ሆኗል። እሳቸው ልጃቸውን ከሩጫ ሲጎትቱ፣ እኛ ልጆቻችንን ወደ ሜዳ እናደርሳለን። የምናደርሰውም ለጨዋታ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ‹‹ተማር ልጄ›› የሚለው ምክር በብዙ ቤት ድምፁ ቀንሷል። አንዱ በር ሲጠብ ሌላውን ማንኳኳት ያለ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ የ15 ዓመት ልጄን ይዤ ገርጂ አካባቢ ወዳለ አንድ ሜዳ ሄድኩ። የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ምልመላ ነበር። አዘጋጁ ማን እንደሆነ እዚህ አያስፈልገንም። ልጆቹ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ አስይዘዋል። ታኬታ የሌለው ከጨረሰው ጓደኛው እየተዋሰ ይገባል። ወላጆች የቆርቆሮውን አጥር ተደግፈን ቆመናል፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው የመጡ እናት አሉ፤ ‹‹ክፈት! ክፈት አልኩህ!›› እያለ ከአሠልጣኙ በላይ የሚጮህ አባት አለ። መልማዮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ክላሰራቸው ላይ ይጽፋሉ። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

አንደኛው መልማይ ወደ ልጄ ቀረብ ብሎ ቁመቱን በዓይኑ ለካ፤ ትከሻውን ያዝ አደረገው፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የበዓል ዋዜማ በግ ተራ የሄደ ሰው ያንን አያያዝ ያውቀዋል። በግ ገዢ መጀመሪያ የሚዳብሰው ወገቡን ነው። ካንት የተባለው ጀርመናዊ አንዳንድ ነገር ዋጋ አለው፣ ሰው ግን ክብር እንጂ ዋጋ የለውም ይል ነበር። ካንት ልጅ አልነበረውም። ልጅ ያለው ሰው ልጁ አንድ ቀን መመዘኑ እንደማይቀር ያውቃል፤ በፈተና፣ በሥራ ማስታወቂያ፣ በአማቾች ዓይን። ስለዚህ በመመዘኑ ብቻ ልቆጣ አልቻልኩም።

ነገሩ የእኛ አገር ጉድ ብቻም አይደለም። ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል አሠልጣኞች ተጫዋች ወደሚመለምሉበት ካምፕ ልጇን ይዛ ሄዳ ነበር። የልጁን ውርወራ ፍጥነት የሚለኩት በራዳር ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ መኪና በሚለካበት ዓይነት። በዚያ ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ በአንደኛው ዲቪዚዮን ላለ አንድ የቤዝቦል ቡድን የተፈቀደው ነፃ የትምህርት ዕድል 11.7 ብቻ ነበር፤ ያውም ብዙ ልጆች ይካፈሉት ነበር። ‹‹ነጥብ ሰባት ልጅ ምን ዓይነት ነው?›› ብዬ ስጠይቃት በስልክ ሳቀች።

ወደ ገርጂ ልመለስ። በመግቢያው ላይ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ የልደት ቀን የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ምድቡ ሁለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የተወለዱ በአንድ ወገን፣ በ2010 እና በ2011 የተወለዱ በሌላ ወገን። ልጄ የተወለደው ታኅሣሥ 19 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ የገብርኤል ዕለት። እናቴ ንግሥ ውላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው የሰማችው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ደግሞ በዚያ ዓመት የዋለው ታኅሣሥ 23 ነበር። ስለዚህ ልጄ በአራት ቀን ምክንያት ከትልልቆቹ ምድብ የመጨረሻው ትንሽ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ከሚበልጡት፣ ጢም ከጀመራቸው ልጆች ጋር ሊጋፋ ነው። አራት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ከትንንሾቹ ምድብ ትልቁ ይሆን ነበር።

ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ እንዳሳዩት፣ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች በተመረጡት ቡድኖች ውስጥ ከድርሻቸው በላይ ይበዛሉ። በኋላ በእግር ኳስም እንዲሁ ሆኖ ተገኝቷል። መልማይ ተሰጥዖ ያየ ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ወራት ቀድሞ የተወለደ አጥንት ነው።

ቅጹን የሚሰበስበው ወጣት ችግሬን ገባው። ‹‹ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ይበሉት እንጂ። ከገብርኤል ወደ ጊዮርጊስ ማዛወር እኮ ነው፤ ሁለቱም አይቀየሙም›› አለኝ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር። ክርክሩም ደካማ አልነበረም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ አራት ቀን ግን በየትኛውም አጥንት ላይ አይታይም። ልጄ የተወለደው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እኔ የነገርኳቸው ቀን ነው። መስመሩ ራሱ የዘፈቀደ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ አራት ቀን ሳይሆን ሁለት ሦስት ዓመት የቀነሱ ልጆች እንዳሉ አጥሩን የተደገፈ ሁሉ ያወራል።

አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበርና ዝቅ ባለ ድምፅ ‹‹አባባ፣ እነሱ ሁለት ዓመት ሲቀንሱ እኛ አራት ቀን ብንጨምር?›› አለኝ።

ለራሴ የምሰጠው መልስ ነበረኝ። ከትንንሾቹ ምድብ የሚመረጡት ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ ልጄ በጊዮርጊስ ስም ቢገባ አንድ ደረቱ ላይ ወረቀት የለጠፈ፣ በ2011 የተወለደ ልጅ ይወጣል። ያ ልጅ መሸነፉን እንጂ በማን እንደተሸነፈ አያውቅም። ደግሞም ልጄ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሙገሳ ሁሉ ታኅሣሥ 23 ለተወለደ ለሌላ ልጅ የሚሰጥ ይሆናል። ይኼ ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሐቀኝነቱ የእኔ ነበር፤ ከፋዩ ግን እሱ ነው። እኔ ቅጹን ሞልቼ ወደ አጥሩ ተመለስኩ፤ ጢም ካለው ተከላካይ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተጋጠመው እሱ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ ሲለግስ ቸር ይባላል። በሌላ ሰው ገንዘብ ቢለግስስ? የኃይሌ አባትም በልጁ ዕድሜ ነበር የሚጠነቀቁት። ያኛው ጮሆ ልጁን የሚነዳው አባትም የሚያወጣው የልጁን ጉልበት ነው። ሦስታችንም በልጆቻችን ሒሳብ የምንፈርም ሰዎች ነን። ልጅ ልጅ እስከሆነ ድረስ አንድ ሰው ሊፈርምለት ግድ ነው፤ አልፈርምም ማለትም ፊርማ ነው። ነገር ግን አባት ‹‹ለመርሕ ስል›› ሲል፣ መርሑ በማን ጉልበት እንደሚጸና አብሮ ቢናገር ደግ ነው።

አንባቢ ልጁ ተመረጠ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አልናገርም። ብናገር፣ ከተመረጠ ‹‹እውነት ታዋጣለች›› ይባላል፤ ካልተመረጠ ‹‹ሞኝ አባት›› እባላለሁ፤ በሁለቱም መንገድ ሰዓት ያዡ ይፈርዳል።

በመንገድ ላይ አንድ ‹‹ወኪል ነኝ›› ያለ ሰው ስልኬን ተቀብሎ ነበር፤ ልጁን ውጭ አገር እንደሚያስወጣው በሚኒባስ ወረፋ ላይ አስረዳኝ። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዘዋወሩን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር እንደሚከለክል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባርሴሎናን የሚያህል ክለብ እንኳ በዚሁ ጦስ ተጫዋች እንዳይገዛ መታገዱን ስነግረው ስልኩን አወጣና ሌላ አባት ፍለጋ ሄደ።

ታክሲ ውስጥ ልጄ እስከ መገናኛ አልተናገረም። ከዚያ የክረምቱ ምልመላ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ያኔ ቅጹን አንተ ትሞላለህ አልኩት።