እማሆይ ጽጌማርያም ለማን ተጫወቱ?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከአንዱ ሱቅ ዘፈን፣ ከሌላው መዝሙር፣ ከወዲያ ማዶ ደግሞ መንዙማ ይሰማል። ኦርጋን መነካካት የጀመረ የሰፈር ልጅም ብዙ ሳይቆይ «ለዓለም ነው ወይስ ለእግዜር?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ከፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት ከእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ሕይወት በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ጋር (ኋላ ደራሲና የፓርላማ አባል ከሆኑት) ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። በ1937 ፋሺስት ጣሊያን ቤተሰቡን ወደ አገሩ አግዞ አዚናራ ደሴት ላይ አሰረ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ፤ በቀን 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር ይባላል።

ከዚያ ለንደን ሄደው በከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ዕድል መጣ፤ ግን ፈቃድ ተከለከሉ። እህል አልቀምስ ብለው እስከ ሞት ደረሱ። ቆርበው ሲያገግሙ የሙዚቃው ፍላጎት ከውስጣቸው ወጥቶ ነበር። ወሎ፣ ግሸን ማርያም ወጡ፣ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ 10 ዓመት ያህልም ያለ ጫማ፣ ያለ ፒያኖ ኖሩ።

ተራኪው ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ዓለምን ናቀች፣ ጥበብን ጣለች፣ አበቃ! ለስብከት ይመቻል፤ ግን ግማሽ ታሪክ ነው።

በ1960ዎቹ ጎንደር ነበሩ፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠናሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎቹን ያያሉ፦ ቀን በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ቁራሽ የሚለምኑ፣ ሌሊት በየደጁ የሚያድሩ ልጆች። መነኩሲት ምን አላት? ገንዘብ የለም። ያላቸው ጣታቸው ብቻ ነበር። በዚያው ዐሥርት ዓመት ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ፤ ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ነበር። እንግዲህ ወደ ፒያኖው የመለሳቸው የመድረክ ናፍቆት አልነበረም፤ ቆባቸውንም ማውለቅ አላስፈለጋቸውም።

ሙዚቃቸውን ስሙት። የግራ እጃቸው አውሮፓ የተማረ ነው፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ያሬድ ዜማ ይጎትታል፣ ይሰብራል፣ ያርፋል። ምቱን የሚቆጣጠረው ሰዓት ሳይሆን ትንፋሽ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ብሉዝ ወይም ጃዝ ሊሉት ይወዳሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ቅኔ ማህሌትና የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በአንዲት ሴት ውስጥ ተገናኝተው ያወሩበት ነው። ሁለቱንም ጠንቅቀው ባያውቁ ድብልቁ ጩኸት ይሆን ነበር። የዛሬ ልጆች «ባህላዊ አድርገነዋል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ጠንቅቆ ማወቅ ነው።

በ1984 ኢየሩሳሌም ገብተው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ አልበም የእርሳቸው ሆነና ዓለም ሰማቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። ማርች 26 ቀን 2023፣ በ99 ዓመታቸው፣ እዚያው ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

የሥራዎቻቸው ኖታ በ2013 በመጽሐፍ ታትሟል። በየሰፈሩ ኦርጋንና ፒያኖ የምታስተምሩ፣ ከቤትሆቨን ጎን ይህንንም ለተማሪዎቻችሁ ክፈቱላቸው።