ጥሩሩን ማን ያወልቅልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ የዛሬውን ትምህርት የተማርሁት ከአንድ ወንድማችን ነው። ልጽፈው ስል ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ «ስሜን አይጥሩ እንጂ ይጻፉት» ብሎኛል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በዳዩ እኔ ነኝ።

ወንድማችን ሹዌክ የኢንዱስትሪ ሠፈር ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ቤት በርና የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። ማታ ጅሊብ ወዳለው የጋራ ክፍላቸው ይመለሳል። ባለፉት ሁለት የብርድ ወራት ግን ከእራት በኋላ ሰገነት ላይ እየወጣ ሽቦ ሲቆርጥና ሲያጥፍ ከረመ። የሚሠራው የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች በጦርነት ይለብሱት የነበረውን የብረት ሸሚዝ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ጥሩር» የሚለውን።

አሠራሩን ኋላ አሳይቶኛል። ሽቦውን በብረት ዘንግ ላይ እንደ ስፕሪንግ ይጠመጥመዋል። ጥምጥሙን ይቆርጠውና ቀለበት ቀለበት ያደርገዋል። ከዚያ በሁለት ፒንሳ አንዱን ቀለበት ከፍቶ በሌሎች አራት ቀለበቶች ውስጥ ያሳልፍና መልሶ ይዘጋዋል። ለአንድ ሸሚዝ ከ20,000 በላይ ቀለበት ይገባል፤ ሲያልቅ ከ10 ኪሎ በላይ ይከብዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተጀመረ ትልቅ ማኅበርም አላቸው፤ የጥንቱን ጥሩር ለብሰው ለጨዋታ ይጋጠማሉ። ወንድማችንም በስልኩ ቪዲዮ አይቶ ነው የጀመረው።

የክፍል ጓደኞቹ ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ ይምከሩልን እንጂ። እንቅልፉንም ገንዘቡንም በሽቦ ጨረሰ። ለማን ጦርነት ነው?» አሉኝ። እኔም በቀጣዩ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እየሳቅሁ ትከሻውን መታ አድርጌ «ምን ነካህ ልጄ፣ ቀጥቃጭ ሆንህ እንዴ?» አልሁት። ሰው ሳቀ። እርሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓርብ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም።

በአራተኛው ሳምንት ጅሊብ ሄድሁ። ሰገነቱ ላይ አስቀመጠኝና ሻይ አቀረበልኝ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «መምህር፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አለኝ።

አባቱ ለመንደሩ ሁሉ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን ይሠራ ነበር። ቀን ቀን ሰው ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ሲመሽ ያው ሰው «ቡዳ ነው» እያለ ልጁን ይሸሽጋል። ወንድማችን ከልጅነቱ ጀምሮ «አባትህ ምንድን ነው?» ሲባል «ገበሬ» ማለትን ለመደ። ኩዌትም ከመጣ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲያው ሲል ኖረ። አባቱ ሲያርፍ መሄድ አልቻለም። መርዶውን በስልክ ሰማ፤ በማግስቱ ሥራ ገባ፤ ለማንም አልተናገረም። «አላለቀስሁም፣ መምህር። ሰው እንዳይነካኝ ስል ብረት ሆኜ ነበር። የመጀመሪያውን ቀለበት በፒንሳ ስዘጋ ግን የአባቴ እጅ ትዝ አለኝ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለት ጥያቄ ይዤ አደርሁ። አንደኛው ስለ እኔ ምላስ ነው። ሁለተኛው ስለ ሁላችን ልብ ነው፤ ሰው በስደት እንዳይጎዳ ብሎ ልቡን ብረት ቢያለብስ ይፈረድበታልን?

ስለ ምላሴ

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ፣ ሸማኔውን በሸማኔነቱ፣ ፋቂውን በፋቂነቱ ማዋረድ እንዲቀር። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እኔ ግን በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ ላይ ያንኑ ስድብ ቀልድ አድርጌ ተናገርሁ።

እግዚአብሔር ግን ብረት ሠሪን አልናቀም። የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን ሞላበት (ዘፀ. 31፥1-5)። የምንሳለመውን መስቀል ማን ሠራው? ጸናጽሉን፣ ማዕጠንቱን ማን ቀጠቀጠው? መስቀሉን እየሳምን የሠራውን እጅ ከተጸየፍን ስግደታችን ለማን ነው?

ጓደኞቹ «ምን ይጠቅመዋል?» ላሉትም መልስ አለ። በግብፅ በረሃ የኖረ አባ ጳውሎስ የሚባል መነኩሴ ነበር። ከገበያ እጅግ ርቆ ስለሚኖር የሚታታውን ሁሉ ማንም አይገዛውም። እርሱ ግን ዓመቱን ሙሉ የዘንባባ ቅጠል ይታታ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ዋሻው ሲሞላ ያቃጥለውና እንደ ገና ይጀምራል። የእጅ ሥራ ሐሳብን ይሰበስባል፣ ልብን ከመባከን ይጠብቃል ብሎ ነው። የወንድማችን እጅም ስድስት ቀን በሰው ልክ፣ በሰው ትእዛዝ ይውላል። ሰገነቱ ላይ ግን ማንም ሳያዝዘው ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ነበር። እኔ ብክነት ያልሁት ልቅሶ ኖሯል።

ስለ ልባችን

ይህች አገር ሁላችንንም ታጠነክረናለች። እኅቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። በመጀመሪያው ወር ስድብ ሲሰነዘርብሽ ታለቅሺ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ፊትሽ አይለወጥም። እናትሽ ስትደውል ድምፅሽን አስተካክለሽ «ደህና ነኝ እማዬ» ትያለሽ። ይህ ጥንካሬ ነው ወይስ ድንጋይነት?

መልሱን ከጥሩሩ ራሱ እንማር። ጥሩር የሰይፍን ስለት ይመልሳል፤ የዱላን ምት ግን አይመልስም። ስለዚህ የጥንት ወታደሮች ከሥሩ በጥጥ ወይም በሱፍ የተሞላ ወፍራም ልብስ ይለብሱ ነበር። ጥሩሩን በባዶ ገላ የለበሰ ሰው በከባድ ዱላ ቢመታ አንዲት ቀለበት ሳትበጠስ አጥንቱ ይሰበራል። ከውጭ የሚያየው «ምንም አልሆነም» ይላል። ከእኛ መካከል ስንቱ እንዲህ ነው? ቀለበቱ አልተበጠሰም፣ ሥራ አላቋረጠም፣ ገንዘብ በወሩ ይልካል፤ ውስጡ ግን ተሰብሯል። ብረት ከሥሩ ለስላሳ ነገር ካላገኘ ለባሹን አያድነውም። ለእኛ ያ ለስላሳ ነገር ጸሎት ነው፣ ንስሐ ነው፣ እውነቱን የምንነግረው አንድ ሰው ነው።

ደግሞ ስሙን ልብ በሉ። በግእዝ ጥሩር «ድርዕ» ይባላል። ዐረቦቹም «ዲርዕ» ይሉታል። እኅቶቼ፣ በየቤቱ አጥባችሁ የምትተኩሱት ሰፊው የሴቶች ቀሚስ «ድራዓ» ከዚያው ሥር የወጣ ቃል ነው። የብረቱም የጨርቁም ስም አንድ መሆኑ ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ ጥሩር ልብስ ነው። ልብስ ይለበሳል፣ ይወልቃልም። የማይወልቅ ከሆነ ግን ልብስ መሆኑ ቀርቶ ቆዳ ሆኗል።

ይህን ኩዌት ራሷ አይታዋለች። በጃብሪያ ጣሪቅ ረጀብ የሚባል ሙዚየም አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. የኢራቅ ጦር ሲገባ ባለቤቶቹ የመግቢያውን በር በግንብ ደፈኑት፤ ወደ እርሱ በሚወርደው ደረጃ ላይም ቆሻሻ በተኑበት። ወታደሮቹ ሳያገኙት ቀሩ፤ የከበረው ነገር ሁሉ ተረፈ። ነገር ግን ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ ግንቡ ፈረሰ። ባይፈርስ ኖሮ ሀብቱ እንደ ተዘረፈ ይቆጠር ነበር፤ ማንም አያየውምና። በክፉ ቀን መደፈን ጥበብ ነው። ቀኑ ካለፈም በኋላ ተደፍኖ መቅረት ግን ራስን በራስ መዝረፍ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ጥሩር ብዙ ይነግሩናል።

ዳዊት ወደ ጎልያድ ሲወጣ ሳኦል የራሱን ጥሩር አለበሰው። ብላቴናው ግን ሊራመድበት አልቻለም፤ አልተፈተነለትምና አወለቀው (1ኛ ሳሙ. 17፥38-39)። የሌላ ሰው ጥንካሬ ለእኛ ሸክም ነው። «እገሊት አሥር ዓመት ኖራ አንድ ቀን አላለቀሰችም» ብለሽ በእርሷ ልክ አትራመጂ።

አክዓብ ደግሞ ወደ ሰልፍ ሲገባ ማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅ መልኩን ለወጠ፤ ጥሩርም ለብሶ ነበር። አንድ ሰው ሳያነጣጥር የወረወረው ፍላጻ ግን በጥሩሩ መጋጠሚያ ገብቶ ገደለው (1ኛ ነገ. 22፥30-34)። ማንነቱን የሸሸገ ሰው መጋጠሚያው ሁልጊዜ ክፍት ነው። ወንድማችን ስምንት ዓመት «የገበሬ ልጅ ነኝ» ብሎ ተሸሸገ፤ የእኔም ቀልድ እንዲሁ ሳያነጣጥር የተወረወረ ፍላጻ ነበር፣ መጋጠሚያውንም አገኘ።

ሐዋርያው ጳውሎስ የእግዚአብሔርን የጦር ዕቃ ሁሉ እንድንለብስ አዝዞናል፤ ከእነርሱም አንዱ የጽድቅ ጥሩር ነው። ይህን የጻፈው በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ውጊያችን ከማን ጋር እንዳልሆነ ለይቶ ነገረን፤ ከሥጋና ከደም ጋር አይደለም (ኤፌ. 6፥11-20)። እንግዲህ ጥሩር መልበስ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ በክፉ መንፈስ ላይ ሊለበስ የተሰጠንን በሰው ላይ መልበሳችን ነው። በአሠሪ ላይ የለበስነው ብረት ማታ ሳይወልቅ ይቀርና ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛ ሲያቅፈን የሚያገኘው ብረቱን ነው።

ሰው እንዳይሳሳት ግን ልንገራችሁ። ጥሩርን አውልቁ ማለት ግፍን ዝም ብላችሁ ተሸከሙ ማለት አይደለም። በዚህ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው 68ኛው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት ዕረፍትና የዓመት ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ የሥራ ሰዓትንም በቀን ከ12 እንዳያልፍ ይወስናል። ሕግም ጋሻ ነው፤ የተበደለ ይጠቀምበት። የተጎዳችሁ አትሸሸጉ፤ ንገሩን።

የመጨረሻው ምሳሌ ዮናታን ነው። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ካወለቀ በኋላ የሳኦል ልጅ ዮናታን ወደደውና የራሱን ካባና የጦር ልብስ አውልቆ ሰጠው፤ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውን ጭምር (1ኛ ሳሙ. 18፥3-4)። አባቱ በፍርሃት አለበሰ፤ ልጁ በፍቅር አወለቀ። ሰው ሊመታው በሚችል ወዳጁ ፊት ትጥቁን ሲፈታ ያን ጊዜ ኪዳን ይሆናል።

ያን ማታ ሰገነቱ ላይ ወንድማችን ሸሚዙን አምጥቶ ለበሰልኝ። ሲለብስ ሁለት እጁን እንደሚጸልይ ሰው ወደ ላይ አነሣ፤ ብረቱም በራሱ ክብደት ወረደለት። «ማውለቁ ነው አስቸጋሪው» አለኝ። እንደ ተራ ሸሚዝ ወደ ላይ ልሳበው ቢሉ አይሆንም፤ ይከብዳል። ከወገቡ ጎንበስ አለ፣ እጆቹን ወደ መሬት ዘረጋ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔ ከትከሻው ጫፍ ይዤ ሳብሁለት። ብረቱ በራሱ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ድምፁ እንደ ጸናጽል ነበር። እርሱ ቀና ሳይል እኔ በፊቱ ጎንበስ አልሁና «ልጄ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። አባትህንም ነፍስ ይማር» አልሁት። ያን ጊዜ አለቀሰ። ስለ አባቱ ያለቀሰው የመጀመሪያው ልቅሶ ነው።

ወገኖቼ፣ የጥያቄያችን መልስ ይኸው ነው። ልብን ማጠንከር ለመንገድ ነው እንጂ ለቤት አይደለም። ሲለበስ እጅ ወደ እግዚአብሔር ይነሣል፤ ሲወልቅ ሰው ይሰግዳል፤ ብቻውንም አይወልቅም፣ የሚስብ ወንድም ይፈልጋል። በዚህ ዓርብ ስትሰግዱ የሳምንቱን ብረት እዚያው ጣሉት። ከጎናችሁ የቆመውንም «ደህና ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱንም ለመስማት ትንሽ ቁሙ። በሥራው፣ በትውልዱ፣ በቋንቋው ያዋረዳችሁት ሰው ካለ እኔ እንደ ዘገየሁ አትዘግዩ። ወንድማችን አሁን በየዓርቡ ይመጣል። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት «የቀጥቃጭ» ይላል።

የድንጋይን ልብ አውጥቶ የሥጋን ልብ የሚሰጥ አምላክ (ሕዝ. 36፥26) በስደት ያለነውን ሁሉ ይጠብቀን፤ በሰላም ወደ አገራችን ያግባን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።