ግቢ ለምትገቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ወጥቷል። አንዱ ከጎንደር ጅማ፣ አንዷ ከሶዶ ባሕር ዳር ደርሷቸዋል። እናት ዳቦ ቆሎውንና በሶውን ቋጥራለች፣ አባት ብርድ ልብሱን ገዝቷል፣ ጎረቤት መርቋል። እኔም በልቤ ያለውን ልንገራችሁ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሲጀምር የተቀበለው ተማሪ 33 ብቻ ነበር። በዚያ ቤት አንድ ሰው ቢቀር መምህሩ ወዲያው ያውቃል። ዛሬ በአንድ ክፍል ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ተማሪ ይቀመጣል፤ ግቢው በሺዎች ተሞልቷል። ብትቀሩ ወላጅ አምጡ የሚላችሁ ዩኒት ሊደር የለም። ብትታመሙ፣ ብታዝኑ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍል ባትገቡ፣ ካልተናገራችሁ በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። የትልቅ ግቢ ፈተናው ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሬጅስትራር ደጅ ሰልፍ፣ በካፌ ሰልፍ፣ ዶርም በመልመድ ያልፋሉ። ከዚያ ማንም የማይቆጣጠረው ምሽት ይመጣል። ዛሬ ላውንጅ፣ ነገ ስልክ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጨዋታ ሲባል የሚድ ፈተና ከች ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ በአንድ ሌሊት ችከላ የተሸመደደው ከፈተናው ወረቀት ጋር አብሮ ይሄዳል። ያልተነበበ ትምህርት እንደ ጤፍ አረም ነው፤ በየጊዜው ካልነቀሉት አጨዳ ሲደርስ ማሳውን ውጦ ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ እርሱ የሚጠይቀው የዓመታቱን ሁሉ ነው። መጻሕፍት የሞሉበት ቤተ መጻሕፍት አጠገባችሁ እያለ ሳታነቡ ብትወጡ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው መባሉ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዝምታችሁ ነው። ከወረዳው አንደኛ ሆኖ የሄደ ልጅ በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያገኛል። እዚያ የተሰበሰበው ሁሉ በየሰፈሩ አንደኛ የነበረ መሆኑን አያስብም፤ ያፍራል። ለቤቱ ደኅና ነኝ ይላል፣ ከመምህሩ ይሸሻል፣ ከክፍል ይቀራል። መምህሩ በእንግሊዝኛ የሚያስረዳው ያልገባትም ልጅ እንዲሁ አንገቷን ትደፋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጆቼ። የመምህራችሁን ቢሮ አንኳኩ። ያላለፋችሁበትን መንገድ ያለፈ ሲኒየር ጠይቁ። ሴቶች ልጆቼ፣ የሥርዓተ ፆታ ቢሮውን በር እወቁት፣ ቱቶሪያል ሲኖር አትቅሩ። የከበደ ኮርስ ድሮፕ የሚደረግበት ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ልመና አያዋጣም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ለዚህ ነው።

ዶርማችሁ ውስጥ ቋንቋውን የማታውቁት ልጅ ከላይኛው አልጋ ይተኛ ይሆናል። በሶአችሁን አካፍሉት፣ የእናቱን ስም ጠይቁት፣ ሰላምታውን በቋንቋው ተማሩ። በ2012 ዓ.ም. በግቢዎች ውስጥ በተነሣ ጠብ የሞቱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ለዲግሪ የተላከ ልጅ በሬሳ ሣጥን ተመለሰ። ስለዚህ ማታ በስልክ የሚመጣ ወሬ ሲያስቆጣችሁ፣ ለተቃውሞ ሰልፍ ከመውጣታችሁ በፊት ያንን የዶርም ልጅ አነጋግሩት። ለወሬ የለው ፍሬ፣ ለአበባ የለው ገለባ።

የካፌው ምግብ ቢያንሳችሁ ብታጉረመርሙ አልፈርድባችሁም፤ ድሃ ቤትም ቢሆን የእናት እጅ ይናፍቃል። ነገር ግን ነፃ አይምሰላችሁ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ነው የሚማረው። ስለዚህ ያ ምሳና ያ አልጋ ነገ ሠርታችሁ የምትከፍሉት ዕዳ ነው።

እናንተ ወላጆችም ስሙኝ። ስትደውሉ ስንት አመጣህ ብቻ አትበሉ። ምን በላህ፣ ከማን ጋር ትውላለህ፣ ምን ከበደህ በሉ። ውጤቱ ቢያንስ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታስተያዩት። ተባርሬአለሁ ብሎ ቢደውልም በመጀመሪያ ና፣ ቤትህ ነው በሉት፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ይመከርበታል።