ክፉን አስቀድሞ ማሰብ

በአገራችን ክፉን አስቀድሞ ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጠራል። «ቢቃጠልስ? ቢዘረፍስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ኧረ አታሟርት!» ይባላል። ሰው ስለ ገዛ ጎጆው ዝም ቢል መብቱ ነው፤ የሌላውን አደራ የተቀበለ ግን ዝም የማለት መብት ያለው አይመስለኝም።

ዩኒቨርሲቲን እናንሣ። ወልዲያ በጦርነቱ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በተያዘችበት ጊዜ ስልኩም መብራቱም ተቋርጦ ነበር፤ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ፣ ወደመ። ኮምፒውተሩም፣ የላቦራቶሪ ዕቃውም፣ ፍራሹም ዘግይቶም ቢሆን በገንዘብ ይተካል። የተማሪ ውጤት ግን ከየትኛው ገበያ ይሸመታል? የዚያ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ጠፋ ማለቴ አይደለም። የምለው፣ አንድ የላስታ ገበሬ ልጁን ለማስተማር በሬውን ሸጦ ከሆነ፣ ያ በሬ ዛሬ ያለው መዝገብ ቤት ውስጥ በሠፈሩ ጥቂት ፊደላት ላይ ነው።

መቼም አደጋ ሲመጣ ሁሉን ማዳን አይቻልም። የቱ ይትረፍ? የቱ ይቅር? ላስታ ይህ ምርጫ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ያውቃል። በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረሃብ የገበሬው ከባድ ፈተና ለዘር ያስቀመጠውን እህል መብላትና አለመብላት ነበር። ልጁ እየራበው ዘሩን ያልነካ አባት ጨካኝ ነው ወይስ አርቆ አሳቢ? እኔ በሞላ ሆዴ አልፈርድበትም።

የዩኒቨርሲቲ ዘር ግን ከማንም አፍ ሳይነጠቅ ይባዛል፤ ቅጂ ማለት ይኸው ነው። የብራና መጻሕፍታችን በ1960ዎቹ ዓ.ም. በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ቅርሳችን ከውቅያኖስ ማዶ መጠበቁ ቅር የሚያሰኘው ሰው አለ፤ እኔንም ቅር ይለኛል። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ቢሆኑ ግን ምኑን ቅጂ ሆኑት?

ታዲያ ወልዲያ የጅማን፣ ጅማ የወልዲያን መዝገብ ቢይዙ ምን ችግር አለው? በጀት ነው ትሉኝ ይሆናል። በጀት ሲጎድል ጉድለቱ በሰው እንደሚሸፈን ግን ይረሳል። ግቢው ባዶ ሲሆን ቁልፉ የሚቀረው በበላዮቹ እጅ አይደለም፤ ቤተሰቡ እዚያው ከተማ ባለ፣ ደመወዙ ትንሽ በሆነ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አደራ በላ ላለመባል በሩ ላይ ቢቆም እናመሰግነዋለን፤ ማን እዚያ እንዳቆመው ግን አንጠይቅም። ቅጂው በሰላሙ ጊዜ ተልኮ ቢሆን ኖሮ፣ ጥይት ሲቀርብ ቢሮውን ቆልፎ ከልጆቹ ጋር በወጣ ነበር።